ልጄን ማን ይያዝልኝ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አራቱ የሚያጠነጥኑት በአንድ ጉዳይ፣ በሕፃናት ማቆያ ላይ ነው። ስለዚህ ሌሎቹን ለሚቀጥለው እትም አቆይቼ ዓምዱን ሙሉ በሙሉ ለእነዚህ ሰጥቻለሁ። ለአዲስ አንባቢዎች ራሴን ላስተዋውቅ፦ አዲስ አበባ የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ነበርኩ፤ አሁን በዋሽንግተን ዲሲ፣ ከጆርጂያ ጎዳና ብዙም ሳይርቅ፣ በመኖሪያ ቤቴ ፈቃድ ያለው የሕፃናት ማቆያ ከፍቼ የሠራተኛ ወላጆችን ልጆች እይዛለሁ። የምመልሰው ከዚያ ሥራ ተነስቼ ነው።

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የዘጠኝ ወር ሴት ልጅ አለችኝ። እኔ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ እሠራለሁ፤ ባለቤቴ ሌሊት ታክሲ ይነዳል። እስካሁን ቀን ልጅ እየያዘ፣ ሌሊት እየነዳ ቆይቷል፤ አሁን ግን መሪ ላይ እንቅልፍ ይወስደው ጀምሯል። ማቆያ ስጠይቅ በሳምንት 400 ዶላር አሉኝ፤ ከቤት ኪራያችን ጋር የሚፎካከር ገንዘብ ነው። ለስቴቱ ድጎማ ባመለክትም ተጠባባቂ መዝገብ ላይ ነሽ ተባልኩ። ሰፈራችን ውስጥ ደግሞ አንዲት የሀገራችን ሴት በግማሽ ዋጋ ትይዛለች፤ ፈቃድ ግን የላትም። ሕፃን ለመጠበቅ ይህን ያህል መጠየቅ ዝርፊያ አይደለም ወይ? ወደ እርሷ ልውሰዳት?» የአንዲት ልጅ እናት

መልስ፦ እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ባለቤትሽ እንቅልፍ ሳይጠግብ መሪ አይጨብጥ። ለጥቂት ሳምንታት ገቢው ይቅር። ዕቁብ ካላችሁ ሰብሳቢውን አነጋግራችሁ ተራችሁን አስቀድሙ፤ ከሌላችሁም ከዘመድ ተበደሩ። ይህን የምልሽ ዋጋውን አቃልዬ አይደለም፤ ልጅሽ አባት ስለሚያስፈልጋት ነው።

አሁን ወደ ዋጋው እንምጣ። ቁጣሽ ይገባኛል፤ ነገር ግን ገንዘቡ ማን እጅ እንደሚገባ አብረን እንቁጠር። በሜሪላንድ ደንብ በማዕከል ውስጥ ከ18 ወር በታች የሆኑ ሕፃናትን አንድ አዋቂ ከሦስት በላይ መያዝ አይችልም። ትክክለኛ ደንብ ነው። እሳት ቢነሳ ገና የማይራመዱ ሦስት ሕፃናትን አቅፎ መውጣት ለአንድ ሰው ምን ያህል እንደሚከብድ አስቢው። እንግዲህ ሦስት ወላጆች እያንዳንዳቸው 400 ዶላር ሲከፍሉ በሳምንት 1,200 ዶላር ይሆናል። ማዕከሉ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ ምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ክፍት ከሆነ በሳምንት 55 ሰዓት ይሠራል። ለያዥዋ በሰዓት 18 ዶላር እንክፈላት፤ ይህ በሞንትጎመሪ ካውንቲ ሕጉ ከሚያስገድደው ዝቅተኛ ክፍያ ብዙም አይርቅም። 990 ዶላር ሄደ። አሠሪው ለጡረታና ለአረጋውያን ሕክምና (ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር) የሚከፍለው 7.65 በመቶ ሲጨመርበት 1,066 ዶላር ገደማ ይደርሳል። የቀረው 134 ዶላር ነው። ኪራዩ፣ ኢንሹራንሱ፣ መብራቱ፣ ምግቡ፣ ሳሙናው፣ ያዥዋ ስትታመም የምትተካት ሴት ክፍያ፣ የኃላፊዋ ደመወዝ፣ ሁሉም ከዚህ 134 ዶላር ይውጣ ቢባል አይበቃም። ብዙ ማዕከላት በሕፃናቱ ክፍል የሚደርስባቸውን ኪሳራ የሚያካክሱት ከሦስትና ከአራት ዓመት ልጆች ክፍል ነው፤ በዚያ ዕድሜ አንድ አዋቂ እስከ አሥር ልጅ መያዝ ይፈቀድለታልና።

ስለዚህ አንቺ ከአቅምሽ በላይ ትከፍያለሽ፤ ልጅሽን የምትይዘው ሴት ደግሞ ከድካሟ በታች ታገኛለች። የአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ በሜይ 2024 መረጃው እንዳስቀመጠው፣ ከሀገሪቱ የሕፃናት ተንከባካቢዎች ግማሾቹ በሰዓት ከ15.41 ዶላር በታች ነበር የሚያገኙት። ዘራፊ የምትፈልጊ ከሆነ እዚያ ክፍል ውስጥ አታገኚውም። እናትና ያዥ ዓይን ለዓይን እየተያዩ አንዷ ሌላዋን ስትጠረጥር ሳይ እጅግ አዝናለሁ፤ ሁለቱም አንድ ጉድጓድ ውስጥ ናቸው።

ጉድጓዱን መሙላት የሚችለው የሕዝብ ገንዘብ ብቻ ነው። ይህ ሀገር እንዴት እንደሚሞላ ያውቅበታል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት፣ እናቶች ለጦር መሣሪያ ፋብሪካና ለመርከብ ግንባታ ሲፈለጉ፣ የፌዴራሉ መንግሥት ከ1943 እስከ 1946 ለሕፃናት ማቆያ ገንዘብ መድቦ ነበር። ጦርነቱ ሲያበቃ ገንዘቡም ቆመ። በ1971 ኮንግረስ ለብዙ ቤተሰቦች የሚደርስ የሕፃናት እንክብካቤ ሕግ ቢያጸድቅም ፕሬዚዳንት ሪቻርድ ኒክሰን ውድቅ አደረጉት። ሕጉ ሳይወለድ ቀረ። በ1989 ደግሞ ለወታደር ቤተሰቦች ብቻ ሌላ ሕግ ወጣ፦ ወላጅ እንደ ገቢው ይከፍላል፣ ከሠራዊቱ በጀት ይደጎማል፣ ያዥዋ ሥልጠና በጨረሰች ቁጥር ደመወዟ ያድጋል። ከዚያ በፊት በወታደር ሰፈር ማቆያዎች ሠራተኛ ገብቶ አይበረክትም ነበር፤ ከዚያ በኋላ መልቀቁ በእጅጉ ቀነሰ። ለወታደር ልጅ የተቻለ ነገር ለላቦራቶሪ ሠራተኛና ለታክሲ ነጂ ልጅ የማይቻልበትን ምክንያት እስካሁን ያስረዳኝ ሰው የለም።

ፈቃድ ስለሌላት ሴት የጠየቅሽኝን በቀጥታ ልመልስ፦ አትውሰጂያት። ሴትየዋን አልኮንናትም፤ ምናልባት ከብዙዎቻችን የተሻለ ልጅ የመያዝ ተሰጥኦ አላት። ነገር ግን ፈቃድ ማለት በቤቱ የሚኖሩ አዋቂዎች ሁሉ የጣት አሻራ ሰጥተው ተጣርተዋል ማለት ነው፤ የእሳት አደጋ መውጫው ታይቷል፣ ያዥዋ ትንታና የልብ መቆም ሲያጋጥም ምን እንደምታደርግ ሠልጥናለች ማለት ነው። አንድ ነገር ብቻ ልንገርሽ። እኛ ሀገር ሕፃን በጎኑ አስተኝተን፣ በብርድ ልብስ ሸፍነን፣ አጠገቡ ትራስ ደግፈን ነው ያደግነው። እዚህ ደግሞ ሕፃን የሚተኛው በጀርባው፣ ጠንከር ያለ ፍራሽ ላይ፣ ያለ ትራስና ያለ ብርድ ልብስ ነው፤ ይህ በእንቅልፍ ላይ የሚደርሰውን ድንገተኛ የሕፃናት ሞት ይቀንሳል። ፈቃድ ያላት ያዥ ይህን የመማር ግዴታ አለባት።

ዋጋው ከማዕከል ቀለል ሊል የሚችለው ፈቃድ ያለው የቤት ውስጥ ማቆያ ነው። በሜሪላንድ አንዲት ያዥ በቤቷ እስከ ስምንት ልጅ መያዝ ትችላለች፤ ከሁለት ዓመት በታች የሆኑት ግን ከሁለት መብለጥ የለባቸውም። አማርኛ የሚናገሩ ባለፈቃዶች በአካባቢሽ ብዙ ናቸው። የስቴቱ የትምህርት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ የእያንዳንዷን የቁጥጥር ውጤት ማንበብ ስለምትችዪ ሳታነብቢ አትመዝግቢ።

ድጎማውን በሚመለከት፣ ሜሪላንድ ከሜይ 1 ቀን 2025 ጀምሮ አዲስ አመልካቾችን ተጠባባቂ መዝገብ ላይ ማስፈር ስለጀመረ እንጂ አንቺ ያጎደልሽው ነገር ኖሮ አይደለም። ስምሽን አታስወጪ፤ አድራሻ ከቀየርሽ ወዲያውኑ አሳውቂ። ገቢያችሁ ዝቅተኛ ከሆነ ወይም የምግብ ድጋፍ የምታገኙ ከሆነ ኧርሊ ሄድ ስታርት ከተባለው የፌዴራል ፕሮግራም ጠይቂ፤ ከእርግዝና እስከ ሦስት ዓመት ያሉትን ያለ ክፍያ ይቀበላል። ሆስፒታልሽ የሠራተኞች ክፍል ሄደሽም ከደመወዝሽ ላይ ቀረጥ ሳይነካው ለልጅ ማቆያ የሚቀመጥ ሒሳብ እንዳላቸው ጠይቂ፤ ጣሪያው ከ2026 ጀምሮ ለአንድ ቤተሰብ በዓመት ከ5,000 ወደ 7,500 ዶላር ከፍ ብሏል። ለዚህም ሆነ በግብር ወቅት ለሚገኘው ቅናሽ የያዥዋ የግብር መለያ ቁጥር ይጠየቃል። በእጅ በጥሬ ገንዘብ የምትቀበል ያዥ ይህን ቁጥር ካልሰጠችሽ ግማሽ የመሰለሽ ዋጋ ግማሽ አይሆንም።

ጥያቄ፦ «በዲሲ አንድ ማዕከል ውስጥ የሁለት ዓመት ልጆች ክፍል ረዳት መምህርት ነኝ። ወገቤን ያመኛል፤ ብርድ በመጣ ቁጥር ከልጆቹ ጋር ጉንፋን እይዛለሁ። ዘመዶቼ “እስከ መቼ የሰው ልጅ ንፍጥ ትጠርጊያለሽ?” ይሉኛል። ታናሽ እህቴ መጋዘን ገብታ በሰዓት ከእኔ አራት ዶላር ትበልጣለች። ልጆቹን ግን እወዳቸዋለሁ። ልልቀቅ?» ረዳቷ

መልስ፦ እህቴ፣ ልጆቹን ስለምትወጂ ብቻ በትንሽ ደመወዝ ቆዪ ብዬ አልመክርሽም። ሙያችንን ያደኸየው ይህ ምክር ነው። ነርስም በሽተኛዋን ትወዳለች፤ ፍቅሯ ከደመወዟ ላይ አይቀነስባትም።

ዘመዶችሽ ንፍጡን እንጂ ሌላውን ስላላዩ ሌላውን ልናገር። የሁለት ዓመት ልጅ ጓደኛውን ይነክሳል። የሚነክሰው ክፉ ሆኖ ሳይሆን «የእኔ ነው» የሚልበት ቃል ገና ስላልመጣለት ነው። አንቺ ቁጭ ብለሽ ከዓይኑ ትይዩ ትሆኛለሽ፣ የተነከሰውን ታጽናኛለሽ፣ ለነካሹ ቃሉን ትሰጪዋለሽ፣ በዚያው ቅጽበት ደግሞ ወንበር ላይ የወጣውን ሦስተኛውን በዓይንሽ ትጠብቂያለሽ። ይህን በቀን ስንት ጊዜ እንደምታደርጊ አንቺው ታውቂዋለሽ። ሰው ከተወለደ በኋላ አንጎሉ እንደ መጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት በፍጥነት የሚያድግበት ሌላ ጊዜ የለም፤ የሚያድገውም በዚህ ዓይነቱ ምልልስ ነው።

አንድ ልጅ ነበረኝ፣ ቤቱ አማርኛ ውጭው እንግሊዝኛ ሆኖበት አፉን ዘግቶ የመጣ። ዳይፐሩን ስቀይርለት ሁልጊዜ አወራዋለሁ፤ «አሁን እግርህን ላንሳ፤ አሁን ደግሞ ውሃው ይቀዘቅዛል» እያልኩ። መልስ አልጠብቅም፤ ብቻ ዓይኑን እያየሁ ትንሽ ዝም እላለሁ፣ ተራው እንደሆነ እንዲያውቅ። አንድ ጠዋት «ውሃው ቀዘቀዘ» አለኝ። ይቀዘቅዛል አላለም፤ ቀዘቀዘ አለ። ግሡን ራሱ ለውጦታል! ማታ ለእናቱ ስነግራት ኮቷን ሳታወልቅ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ይህ ሥራ ንፍጥ መጥረግ ነው የሚሉሽን ሰዎች አንድ ሙሉ ቀን ክፍልሽ ውስጥ አውያቸው።

አሁን ወደ ደመወዙ። የዲሲ ምክር ቤት በ2021 ከ250,000 ዶላር በላይ ገቢ ባላቸው ነዋሪዎች ላይ ግብር ጨምሮ የሕፃናት መምህራን የደመወዝ ማመጣጠኛ ፈንድ አቋቋመ። በ2022 የሙሉ ጊዜ ረዳቶች እስከ 10,000፣ ዋና መምህራን እስከ 14,000 ዶላር ተከፈላቸው። ያን ጊዜ አንዲት የማውቃት ረዳት ለዓመታት የተከራየችውን ምድር ቤት ለቃ መስኮት ያለው ክፍል ገባች። የፈንዱን ውጤት ያጠኑት ተመራማሪዎችም በሁለት ዓመት ውስጥ በከተማዋ 219 ያህል ተጨማሪ የሕፃናት መምህራን ሥራ ላይ እንደተገኙ ገምተዋል፤ ወደ 7 በመቶ ጭማሪ መሆኑ ነው። ሰው ሲከፈለው ይቆያል፤ ሰው ሲቆይም ክፍል አይዘጋም፣ ልጅም በየወሩ አዲስ ፊት አይለምድም። በ2024 ከንቲባዋ ፈንዱን ጨርሶ የሚያስቀር በጀት ሲያቀርቡ መምህራንና ወላጆች ተቃውመው ምክር ቤቱ 70 ሚሊዮን ዶላር መልሶ መደበበት። ይህ ገንዘብ በየዓመቱ ጠበቃ ይፈልጋል፤ አንዷ ጠበቃ አንቺ ነሽ።

ስለዚህ ከመልቀቅሽ በፊት ሦስት ነገር ጠይቂ። ኃላፊሽን፣ ማዕከሉ ፈንዱ ውስጥ ገብቷል ወይ በያት። ለሕፃናት ማቆያ ሠራተኞች በከተማዋ በኩል የሚሰጠው የጤና መድን አንቺን ይመለከት እንደሆነም እንዲሁ። ደግሞም ሲዲኤ የሚባለው የሕፃናት እንክብካቤ ሙያ የምስክር ወረቀት ከሌለሽ ለትምህርቱ የሚከፍልልሽ የነጻ ትምህርት ዕድል ስላለ ቲች የተባለውን ጠይቂ። ሲዲኤ 120 ሰዓት ትምህርትና 480 ሰዓት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ የሥራ ልምዱን ልጆቹ መሐል ሆነሽ ጨርሰሽዋል። እኔ የተማርኩት ማታ ማታ፣ ልጆቹ ከሄዱ በኋላ ነው፤ ያጠናሁትን ነገር በማግስቱ ጠዋት ምንጣፉ ላይ እሞክረው ነበር።

ለወገብሽ፦ የሁለት ዓመት ልጅ የዳይፐር መቀየሪያው ጠረጴዛ ላይ በደረጃ ራሱ ይውጣ፤ አታንሺው። ማዕከሉ ደረጃ ከሌለው እንዲገዛ ጠይቂ። ልጆቹ መውጣቱን ይወዱታል።

እነዚህን ሁሉ አድርገሽ ኑሮው አሁንም አልገፋ ካለሽ ሂጂ፤ ማንም አይውቀስሽ። ብትቆዪ ግን ደስ ይለኛል።

ጥያቄ፦ «እናቴን ከጎንደር በጉብኝት ቪዛ አምጥቼ ልጄን ትይዝልኛለች። የተፈቀደላት ስድስት ወር ሊያልቅ ተቃርቧል። ልጁ በነሐሴ ሦስት ዓመት ይሞላዋል። የምኖረው ዲሲ ነው። ላስረዝምላት ወይስ ሌላ መንገድ አለ?» አባት

መልስ፦ ወንድሜ፣ የቪዛውን ነገር ለኢሚግሬሽን ጠበቃ ተውለት። ልጁን በሚመለከት ግን ዕድለኛ ነህ። ዲሲ በ2008 ባወጣው ሕግ መሠረት ለሦስትና ለአራት ዓመት ልጆች ነጻ ቅድመ መደበኛ ትምህርት ዘርግታለች። እስከ ሴፕቴምበር 30 ሦስት ዓመት የሚሞላው ልጅ በዚያው ዓመት መግባት ይችላል። ምደባው ማይ ስኩል ዲሲ በተባለው ዕጣ ነው፤ ማመልከቻው በታኅሣሥ አካባቢ ይከፈትና በማርች መጀመሪያ ይዘጋል። ካለፈህም አመልክት፤ ተጠባባቂ ሆነው እስከ መስከረም የሚጠሩ አሉ። ትምህርት ቤቱ የሚለቅቀው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ከዚያ በኋላ ማን እንደሚወስደው ከወዲሁ አስብ።

አንድ ነገር ግን ስለ እናትህ። የጎንደር ሴት ሙሉ ቀን በአፓርታማ ውስጥ ከሕፃን ጋር ተዘግታ፣ በር ሲንኳኳ እየፈራች እንድትውል አታድርጋት። ቢያንስ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ውሰዳት፤ በሳምንት አንድ ቀንም አንተ ልጁን ያዝና እርሷ ትረፍ። አያት መያዟ ለልጁ ታላቅ ጸጋ ነው፤ ያለ ደመወዝና ያለ ዕረፍት የምትሠራ ሠራተኛ መሆኗ ግን ጸጋ አይደለም።

ጥያቄ፦ «በዲሲ በቤቴ ማቆያ እሠራለሁ። ሁልጊዜ “ድምፃችንን እናሰማ” ትያለሽ። እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው፤ ግሪን ካርድ እንጂ ዜግነት የለኝም። ማን ይሰማኛል?» የሙያ ጓደኛሽ

መልስ፦ ጓዴ፣ በምክር ቤቱ ፊት ቀርቦ ለመናገር ዜግነት አይጠየቅም። እንግሊዝኛም ቢሆን አያስቀርሽም። በ2004 የወጣው የከተማዋ የቋንቋ ሕግ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች አስተርጓሚ እንዲያቀርቡና ዋና ዋና ሰነዶችን እንዲተረጉሙ ያስገድዳል፤ አማርኛ ሰነዶቹ ከሚተረጎሙባቸው ስድስት ቋንቋዎች አንዱ ነው። ይህን መብት ያገኘነው ብዙ ስለሆንን ነው፤ ካልተጠቀምንበት ብዛታችን ምን ይረባናል?

በጀት በሚመረመርበት የጸደይ ወቅት ምክር ቤቱ የሕዝብ ምስክርነት ይሰማል። ለአንድ ሰው የሚሰጠው አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ደቂቃ ነው። ሜሪላንድ ያላችሁ ደግሞ ምክር ቤታችሁ አናፖሊስ ላይ ከጃንዋሪ እስከ ኤፕሪል 90 ቀን ብቻ እንደሚቀመጥ አስታውሱ፤ የጽሑፍ ምስክርነትም ይቀበላል።

ሦስቱን ደቂቃ በምስጋና አታባክኚው። አንድ ወር ምን ገባሽ፣ ምን ወጣሽ፣ ምን ተረፈሽ፣ ከደብተርሽ አንብቢው። ስንት ልጅ እንደያዝሽና ወላጆቻቸው ምን እንደሚሠሩ ተናገሪ፤ ነርሷ፣ የአውቶቡስ ነጂው፣ የአየር ማረፊያ ሠራተኛው። አንቺ በጉንፋን ቀን ብትዘጊ እነዚህ ሰዎች ሥራ እንደማይገቡ ለማስረዳት ረጅም ንግግር አያስፈልግም፤ ቁጥሩ ይናገራል። ከዚያ የምትፈልጊውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጠይቂ፦ የደመወዝ ፈንዱ አይቀነስ፣ የቤት ውስጥ ማቆያዎችም አይዘለሉ። ከተቻለ ልጇን የምትይዢላትን አንዲት እናት ይዘሽ ሂጂ። ያዥና ወላጅ አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው አንድ ነገር ሲጠይቁ፣ «የእናንተ ደመወዝ ካደገ የወላጅ ክፍያ ይጨምራል» ብሎ ማለፍ ለማንም ቀላል አይሆንም።

አስተርጓሚ ስትመዘገቢ ቀደም ብለሽ ጠይቂ፤ በዋዜማው አይገኝም። ጽሑፍሽን መጀመሪያ በአማርኛ ጻፊውና በመጽሔቱ አድራሻ ላኪልኝ፤ ሰዓት ይዘን ጮክ ብለን እናነበዋለን፣ ከሦስት ደቂቃ ካለፈም አብረን እንቀንሰዋለን።